የወላጅ ፊርማ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ እኛ ሰፈር አጅማን፣
ኤሲው እያጓራ እንደ ደከመ ቫን፤
መስታወቱ በውጭ በወበቅ ደፍርሷል፣
ማዶ ያለው መስጊድ አረንጓዴ ብሏል።

የዮፍታሔን አንጓ በጣቴ ይዣለሁ፣
ስምንቱን አጥንቶች አንድ አንድ እቆጥራለሁ።
ክፍል ያሉት ልጆች ፕላስቲክ ገዝተዋል፤
የኔው ሞዴል ይሞቃል፣ ወተት ወተት ይላል።

አሥራ ሁለት ዓመት ሌላው ያዘዘውን
ስሰጥ ኖሬ ነበር ክኒንና መርፌውን።
«ለምን?» የምትል ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ቀጥና
አልዋጥ ስላለችኝ፣ ተማሪ ሆንኩ እንደገና።

ክፍል ውስጥ «ኻላ» ነኝ፤ አክስት ማለታቸው፤
አሥራ ዘጠኝ እንኳን አልሞላም ዕድሜያቸው።
እስክሪብቶ ቢሹ ቦርሳዬ ይከፈታል፤
ከስቴቶስኮፑ ጋር የልጅ ካልሲ ይወጣል።

ማክሰኞ ለት ደግሞ፣ አልጋ ቁጥር ሰባት፣
አንዲት የአገሬ ልጅ ሆዷን ይዛ አየኋት።
ደም ቀዱ፣ ፎቶ አነሡ፣ ሆዷን ደባበሱ፤
ምንም የለም ብለው መዝገቧን መለሱ።
«ሆዴን ባር ባር አለኝ» ትላለች ደጋግማ፤
ፕሮፌሰሯ ዞረች ትርጉም ልትሰማ።

ባር ባር።

በዓረብኛ ፈለግሁ፤ በእንግሊዝኛ ፈለግሁ።
ከደረት በታች ነው፣ ከእምብርት በላይ፣
ካጠናኋቸው ሥዕሎች በአንዱም ላይ
ያልተሰመረ ቦታ።
«ቤት ከደወልሽ ስንት ጊዜሽ?» አልኳት።
«አራት ወር፤ ስልኬ እመቤቲቱ ጋ ነው።
ልጄ እስካሁን አፉን ሳይፈታ አይቀርም።»
«ሕመሙ እዚያ ነው» አልኩ፤ በየትኛው ቋንቋ እንዳልኩት
አሁን ትዝ አይለኝም።
ፕሮፌሰሯ አንድ ነገር ጻፈች። ምን እንደሆነ አላየሁም።

ያን ለት ማታ ደግሞ ውጤት ተለጠፈ፤
ፋርማኮሎጂው ላይ ሃምሳ ስምንት ተጻፈ።
ባሌ ጀበል ዓሊ ክሬን ላይ ነው ሌሊቱን፤
ትርሲት ናት ያየችው፣ ገልጣ ኮምፒውተሩን።

አልሳቀችም። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤
ካርድ ሲመጣ ቤታችን ውስጥ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች።
«ያለ ወላጅ ፊርማ ክፍል አይገባም» አለች፤
ከለር እርሳስ አምጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

ቁጥሩን ወረቀት ላይ ገለበጠችው፤
በብርቱካን ቀለም ከግርጌው ጻፈችበት፦
«ጠባይ፦ ጥሩ፤ አንዳንዴ ትጮኻለች።
ንጽሕና፦ በጣም ጥሩ።
እንቅልፍ፦ የለም።
አስተያየት፦ በድጋሚው ታልፋለች፤
ወንድሜን ግን በሌሊት መቀስቀስ ታቁም።»

ከዚያ ፈረመች።
በራሷ ስም አይደለም፤ በኔ፣
እስከ መጨረሻው ጅራት ድረስ ቁርጥ የኔን ፊርማ፣
እጇ ሳያመነታ፣ በአንድ ትንፋሽ።

መቼ እንደተለማመደችው
አልጠየቅኳትም።