እጅ መንሻ

ጥር ላይ፣ በሰድበሪ፣ ቧንቧው ፈነዳና
ከጎን መንበሩ ሥር ውሃ ተኛና
አራት ሆነን ይዘን ቅዱስ ዮሴፍን
ወደ ደረቅ ስፍራ ልናሻግር ስንል ደረጃው አዳለጠን።
እኔ በእግሩ በኩል ነበርኩ፤ አየሁት፣
የጀሶ ቀኝ እጁ ከአንጓው ተለይቶ ሲበተን፣ ጣት በጣት።
ማንም አልጮኸም። አባ ሾጂ ብቻ፣ በማላያላም ይሁን
በላቲን፣ አንድ ቃል ጣሉ፤ አልጠየቅን ምን እንደሆን።

ከኬቤክ አዲስ እጅ ቢያስመጡ፣ ዋጋው
የጣሪያውን መጠገኛ ግማሹን ሊበላው!
ኮሚቴው ሦስት ማታ ተሰብስቦ ተከራከረ፤
ኦሬል ላፍራምቧዝ ግን ከኋላ ወንበር፣ አልተናገረ።
ሰላምታ ቢሰጡት ኮፍያውን ይነካል፤
ቸኮል ያለም እንደሁ አገጩ ይበቃል።
ስብሰባው ሲበተን የእጁን ስባሪ በመሐረብ ጠቅልሎ
ከምሳ ሳጥኑ ከተተና ወጣ፣ በሩን ገፍቶ ቀስ ብሎ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ኒኬል የቆፈረ፣
ሌባ ጣቱን እዚያው ለጉድጓድ የገበረ።
(እኛ «ሌባ» የምንለውን ጣት ጉድጓድ ሰረቀው፤
ይህን ቀልድ በእነሱ ቋንቋ ልነግረው ሞክሬ አቃተኝ፤ ፈገግ ብሎ ተወው።)
ሰባት ሳምንት ከምድር ቤቱ መብራት ሲያይ ጎረቤት፣
የሜፕል ግንድ ነበር፤ መሮና ሞረድ፣ ምራቅና ትዕግሥት።
ግራኝ ነው ኦሬል፤ በግራው እየቀረጸ፣
ቀኙን አምፖሉ ሥር ዘርግቶ አየው፤ እንዳየውም ገለጸ።

በመጋቢት ዘጠኝ፣ በበዓሉ ዋዜማ፣
እጁን ገጥሞ ሄደ፤ መዶሻ ሳይሰማ።
«አራት ነው! አራት ጣት!» ማዳም ሮሊያንድ አበባ ስታስተካክል ጮኸች፤
«ቅዱስ ጎደሎ ነው እንዴ?» ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች።
የጣሊያኖቹ ወገን «በጨርቅ ይሸፈን»፣ የፖላንዶቹ «ይጨመርለት»፣
አንዱም «ኦሬል ይምጣና ይንገረን፣ ምን አስቦ እንዲህ እንዳበጀለት»።

መጣ። ከኋላ ተቀመጠ። ጓንቱን አወለቀ።
ጠያቂው ሁሉ እጁን አየ፤ አፉም ደረቀ።

ዮሴፍ ራሱ በወንጌል አንዲት ቃል የለውም ተጽፎ፤
ያልማል፤ ይነሣል፤ እናትና ልጁን ይዞ ይወጣል፣ ሌሊቱን ቀዝፎ።
ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ግን አላመንኩም ነበር፣
ነገር የማበዛ፣ ጸሎቴ እንኳ ከሰማይ ጋር ክርክር።

ከዚያ የሉርደስ ልጅ፣ የአራት ዓመቷ፣ ማንም ሳያያት
በርጩማ ጎትታ ወጣች፤ በክፍተቱ ከተተች የራሷን ጣት።
ልክክ ብላ ገባች። ቅዱሱ አምስት ጣት ሆነ ለቅጽበት፤
አንዷ ትንሽ፣ ማርማላታ የነካት፣ ሞቃት።
ማዳም ሮሊያንድ አበባዋን እንደያዘች ሳቀች፤
«ተዉት» አለች። ሌላ አላለችም። ውሃ ልትቀዳ ወረደች።

ከታች የዮሴፍ ማዕድ ተዘርግቷል፤ ዳቦ፣ ባቄላ፣ የሉርደስ ፓንሲት፤
ኦሬል ሁለቴ አስጨመረ፤ የዚያን ቀን ንግግሩ ይኸው ነው፣ መዝግቡት።

አሁን የሌሊት ፈረቃ የጨረሰ፣ ከሥራ የተቀነሰ፣
እዚያች ክፍተት ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤ እንጨቱም ለሰለሰ።
እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ወለሉን ወልውዬ ስጨርስ
አንዳንዴ እቆማለሁ እዚያው፣ የባልዲው ውሃ እስኪቀዘቅዝ ድረስ።
ጉድጓዱ ጣት ነሣው፤ እኛ እጅ ነሣነው፤
ኦሬልን ይሁን ዮሴፍን ግን፣ ብትጠይቁኝ፣ አልለየው።

እሱ ከኋላ ወንበር ነው። ቅዳሴው ሲያልቅ ይነሣል፤
የሚጮኸውን የበር ማጠፊያ ዘይት ይቀባና፣ ኮፍያውን ነክቶ፣ ይወጣል።