የጠፉ ልጆች ድንኳን

በጎው የኔ ሆኖ፣ ፈቃዱ የማዳም፣
«ሂጂ» አለችኝ አርብ፣ ከስልኳ ቀና ሳትልም።
«ግን ስንት ይከፍላሉ?» «ምንም» አልኳት። «ምንም?»
ሳቀች። ሳቋ እስከ በር ሸኘኝ፤ አልከፋኝም።

ኒዝዋ፣ ከግንቡ ሥር፣ ከኳሱ ሜዳ ላይ፣
ባዛሩ ተተክሏል፤ ጥር ነው፣ ገራም ነው ፀሐይ።
የተምር ሣጥን፣ የማር ጠርሙስ፣
ለውድድር የቀረበ ፍየል፣ ጆሮው ጉልበቱ ድረስ፣
ከኔ ሻምፑ በላቀ ሻምፑ ታጥቦ፣
እንደ ሙሽራ ይንጎራደዳል፣ በሰው ተከቦ።

ወይዘሮ ራያ፣ የአስተናባሪዎቹ አለቃ፣
ቢጫ ሰደርያ ሰጠችኝ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ።
በባጁ ላይ «ሺታ» ብላ ጻፈች። «ዬ» አለው መጨረሻው ብዬ ብነግራት፣
«ቦታ የለም» አለች።
ስሜ ተቆርጦ መኖር ስድስት ዓመት ለምዷል፤ አልፈረድኩባት።
ሸፊቁል የዳካው ውሃ ያድላል፤
ሳጂ መኪና ያስቆማል፤
እኔን፦ «ልጅ ያዢ» አለችኝ።
በዕረፍቴም ልጅ!
ከፍየሎቹ ጉረኖ ጀርባ፣ የጠፉ ልጆች ድንኳን ደጅ።

አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብ፣ በክር የታሰረ እስክሪብቶ፣
ስድስት ትንንሽ ወንበር፣ ብስኩት፣ አንድ ካርቶን ጭማቂ ተከፍቶ።

መጀመሪያ የመጣችው ግልገል ናት።
ፖሊሱ ጆሮዋን ይዞ «ይቺን የት ላድርጋት?»
አለኝ፤ ሌላ ቦታ ቢያጣላት።
መዘገብኳት። የአባት ስም፦ አይታወቅም።
ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ፣ ምርኩዛቸው ከሳቸው የሚረዝም፣
«ልጄ ጠፋብኝ» አሉ።
«ዕድሜው ስንት ነው?»
«ሃምሳ ሁለት።»
አስቀመጥኳቸው፣ ከትንሿ ወንበር፤ ብስኩት ሰጠኋቸው፣
የሃምሳ ሁለት ዓመቱ ልጅ፣ ላብ አጥምቆት፣ መጥቶ እስኪወስዳቸው።

ከአስር ሶላት በኋላ ሃይሰም መጣ። አራት ዓመቱ።
አንድ እግሩ ባዶ፤ ዲሽዳሻው በጭማቂ ወይቧል እስከ ደረቱ።
«እናትህ ማን ትባላለች?» በዐረብኛ ጠየቅኩት። ዝም።
«ማን አመጣህ?» ዝም። ጉልበቴን ይዞ አለቀቀኝም።
ኋላ፣ እንባው ሲያባራ፣ ጆሮዬ ሥር፣ «ውሃ» አለኝ።
በኛው ቋንቋ። «ውሃ።»
ብርጭቆውን ይዤ ቆምኩ፤ መስጠቱ ጠፋብኝ።

መጣች፣ እየሮጠች፣ ሻሿ አንገቷ ላይ ወርዶ፣
የልጁ ጫማ በእጇ፣ ፊቷ አመድ ለብሶ፣ ከንፈሯ ነዶ።
አልጮኸችም። አልመታችውም። ተንበርክካ አጠለቀችለት፣
ጣቷ እየተንቀጠቀጠ፣ ማሰሪያው እምቢ እያላት።
ከዚያ ቀና ብላ አየች፣ ሰደርያዬን ትታ፣ ፊቴን፦
«እህቴ፣ በሞቴ፣ እንዳትጽፊኝ።
ሰባት ወሬ ነው። ዕዳዬን ገና ግማሹን…»

መዝገቡ ይጠይቃል፦ ማን ጣለው? ማን ወሰደው? ዝምድናው ምን?
ከግልገሏና ከሽማግሌው በታች፣ መስመሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቀን።
ስሟን አልጠየቅኳትም፤
ካወቅኩት እጄ ይጽፈው ይሆናል፤ እጄን አላምነውም።
«ሂጂ» አልኳት። «እጁን አጥብቀሽ ያዢ።» ሄደች።
ከፍየሎቹ ጋር አንድ ጊዜ ዞረች፤ ምንም አላለች።

ሲመሽ ራያ መጣች፣ መዝገቡን ገለጠች፦
«አንድ ግልገል፤ አንድ ሽማግሌ። ልጅስ?» አለች።
«ልጅ አልጠፋም» አልኳት።
ደግ አደረግኩ? አላውቅም።
ነገ እንደገና ቢጠፋስ? ይሄንንም አላውቅም።

ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጡኝ፤ «ሺታ» ይላል፣ በወርቅ ቀለም።
ማዳም በሩን ከፈተች፦ «ምን ሰጡሽ?»
«ምንም።»

ሌሊት ልጇ፣ ትንሿ ሊን፣ ነቅታ ተጣራች፣
ስድስት ዓመት ሙሉ እንደምትጣራው፣ ዐይኗን ሳትገልጥ።
ብርጭቆውን ሞልቼ፣ በጨለማው ቆሜ፣
በየትኛው ቋንቋ እንደጠማት ሰማሁ፣
ገና ዛሬ።