የሽቦው ቀዳዳ

ሊያንደር ፔልኪ ሞተ፣ መጋቢት መጨረሻ፣
በረዶው ሳይለቅቅ የድንቹን እርሻ።
በሜይን ሰሜን ጫፍ አይቆፈር አፈሩ፣
እስከ ግንቦት ድረስ ቆየ መቀበሩ።
ሦስት መቶ ሄክታር በስሙ የያዘ
ሁለት ሜትር አጥቶ ሣጥን ውስጥ ቀዘቀዘ።

አልወደውም ነበር። እሱም አይወደኝም።
በሃምሳ ዓመት ውስጥ «ደህና አደርክ» አላለኝም።
ድንበራችን ሽቦ፣ በየግንዱ ሰሌዳ፣
«መግባት ክልክል» የሚል፣ ለጎረቤት ለእንግዳ።
የጸቡ መነሻ? ያባቴ ውሻ ይሁን
ያባቱ በግ ይሁን፣ ረስቼዋለሁ አሁን።

ግን በምሥራቅ በኩል፣ ከጥዱ በታች፣
ቀዳዳ ነበረው፣ ለአንድ ሰው የሚመች።
በሆዴ ተስቤ፣ ዘንጌን አስቀድሜ፣
ጎህ ሳይቀድ እገባ ነበር በጎረምሳ ዕድሜ፣
በሽማግሌም ዕድሜ።
ውኃው ሻይ ይመስላል፣ ቅጠል አጥቁሮት፣
ከወደቀው ግንድ ሥር ይኖራል ትራውት፤
ጎኑ ቀይ ነጠብጣብ፣ የክንፉ ጠርዝ ነጭ፣
እጅ ላይ ሲያርፍ ቀዝቃዛ እንደ ምንጭ።
ሁለት እወስዳለሁ፤ ሦስተኛ አልነካም።
ሌባም ቢሆን እንኳ፣ ሰው ልኩን አያጣም።

አንድ ኅዳር ደግሞ፣ ያቆሰልኩት አጋዘን
ሽቦውን ተሻግሮ ሞተ በእሱ ጎን።
በማግስቱ ብሄድ፣ ከቀዳዳው ደጃፍ
ተጋድሞ አገኘሁት በበረዶው ጫፍ።
የሌላ ቦት ዱካ እያየ ዓይኔ
«ተንፏቆ ነው» አልኩት፣ ለራሴ፣ ለእኔ።

ሲሞት ሰፈሩ ፈራ። ልጁ ከቦስተን ይመጣል፣
ጫካው ይሸነሸናል፣ ቪላ በቪላ ይወጣል፣
ሃያ አራት ጣሪያ፣ ሃያ አራት መዝጊያ፣
የጎልፍ ሜዳ ሣር፣ የጀልባ ማቆሚያ፤
ዓሣውም ፎቶ ሆኖ፣ በሆቴሉ መግቢያ።

በሰኔ ግን ጠሩን፣ እሳት አደጋ ጣቢያ።
ቴልማ፣ ከመሬቱ አደራ ማኅበር፣
ጭቃ ያልወጣለት ቦት አድርጋ ነበር።
«ሊያንደር» አለች፣ «መሬቱን አልሸጠም፤
ለልጁም አልተወው፣ ለነጋዴም አልሰጠም።
አደራ ብሎታል፦ ማንም እንዳያርሰው፣
መጋዝ እንዳይነካው፣ ዶዘር እንዳይደርሰው።
ግን በእግሩ የመጣ፣ ዘንግ ይሁን ጠመንጃ፣
ወቅቱን ለጠበቀ ይሁንለት መሄጃ።»
አንዱ «ግብሩንስ ማን ይከፍላል?» አለ፣
ሌላው «ውሻዬስ?» ብሎ ቀጠለ።
ቴልማ ታገሠች። ወረቀት ገለጠች፣
መነጽሯን ወልውላ ቀስ ብላ ቀጠለች።
ሰባተኛው አንቀጽ፣ ጠበቃው የሳቀበት፣
በእጁ የጻፈው ነው፣ እርሳስ የደመቀበት፦
«በምሥራቁ በኩል፣ ከጥዱ ሥር ያለው
የሽቦው ቀዳዳ፣ ማንም እንዳይደፍነው።»

አዳራሹ ሳቀ።
እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ የቦቴን ክር አየሁ።

በሩ ተከፈተ። «እንኳን ደህና መጡ»
የሚል አረንጓዴ ሰሌዳ አወጡ።
ልጆች ዘንግ ይዘው ከመኪና ወረዱ፣
እየተሳሳቁ በመሐሉ ሄዱ።
እኔም በሩ ደረስኩ፣ ፈቃዴን በኪሴ፤
እግሬ እምቢ አለኝ፣ አልታዘዝ አለ ለራሴ።
በተከፈተ በር መግባት አልለመደም።
ዞርኩ ወደ ምሥራቅ፤ ወደ ጥዱ፤ ወደ ቀድሞዬ።
በስድሳ ስምንት ዓመት፣ ጉልበቴን እየረገምኩ፣ በሆዴ።

ሁሌ በጨለማ ነው፣ ዛሬ ግን በፀሐይ፦
እሾሁ በጉጠት ታጥፏል ወደ ላይ፤
አንድም ወደ ውስጥ፣ ወደ ጀርባዬ የለም።
ዝገቱ የዛሬ፣ የአምናም አይደለም።

«ደህና አደርክ» ነበረ፤ እኔ አላነበብኩም።
ሃምሳ ዓመት ብሎኛል፤ አንዴም አልመለስኩም።

ሁለት ትራውት ያዝኩ። ሦስተኛው ሲመጣ
ክሬ ተወሳስቦ ውሉን ፍለጋ ወጣ፤
ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ውል በእጄ እያሸሁ፣
የትኛው ጫፍ የማን እንደሆነ እያጣሁ።

ዓሣህን በላሁት፣ ፔልኪ፣ አልክድም፤
አደራህን ግን መብላት አልለምድም።

ሲመሽ በበሩ ወጣሁ።
ማንም አላየኝም።