የሁለት ሰው ሞላ

ከቦርከና ድልድይ ማዶ፣ ኮምቦልቻ ዳር ላይ፣
ቆርቆሮው ዘይት ጠግቦ የሚያብረቀርቅ በፀሐይ፣
አንድ ጋራዥ አለ፤ ሙሄ ነው ባለቤቱ።
እየገፋሁ ደረስኩ፣ ገና ሳይሞቅ ቤቱ።

«አያ ሙሄ፣ አበደች። ሐረጎን ስወጣ
ሦስተኛው እጥፋት ላይ ኋላዋ ይዘላል፤
እኔ ወደ ዳገት፣ እሷ ወደ ገደል።
የትናንቱ እንቁላል፣ ሁለት ሙሉ ትሪ፣
ደሴ ሳልገባ ፈስሶ ጫማዬን አጠበው።»

ሙሄ ቁልፍ አላነሳም።
«ውጣባት» አለኝ። ወጣሁ።
«ውረድ» አለኝ። ወረድኩ።
ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደና
በጎኗ ሁለት መስመር አሰመረ፣
አንዱን ባዶዋን ሳለች፣ አንዱን እኔ ስቀመጥ።
በሁለቱ መሀል እርሳሱ ራሱ አይገባም።

«አየህ፣ ሞተር ሲቀመጡባት
ትንሽ እሺ ማለት አለባት፣ ሁለት ጣት ያህል፣
እንግዳ ሲገባ መደብ ላይ ጠጋ እንደሚባለው።
ያንተዋ ግን ጉልበቷን አታጥፍም።
ጉድጓዱን አትወርድበትም፣ ትዘለዋለች፤
የዘለለ ጎማ ደግሞ መሬት የለውም፤
መሬት የሌለው በምኑ ይታጠፋል?»

ተንበርክኮ በባትሪ የኋላ ሾኳን አየ።
«አምስት እርከን አላት፤ አምስተኛው ላይ ናት።
ይሄ የሁለት ሰው ሞላ ነው።
ከኋላህ ማን ነው የሚቀመጠው?»

የሌሊት ፈረቃ የወጡ የፋብሪካ ልጆች
እየተንጫጩ አለፉ። እስኪያልፉ ዝም አልኩ።

አንዋር ነበር። ታናሼ። ሰባ ሁለት ኪሎ፣
በላዩ ጃኬቱ፣ በላዩ ሳቁ።
ግማሽ ግማሽ አዋጥተን ነው የገዛናት።
ሳጋድል ያጋድላል፣ ሳልነግረው፣
ትከሻዬን ብቻ አይቶ።
ሞላውንም ያጠበቅነው አንድ እሁድ አብረን ነው፣
እኔ አዟሪ፣ እሱ ቆጣሪ፣
ሰፈሩ እስኪሰማ እየጮኸ፦ አንድ! ሁለት! ሦስት!
አምና በሚያዝያ በባቲ በኩል ወረደ፤
ከባቲ ሚሌ፣ ከሚሌ ባሕሩ።
አንዴ በሰው ስልክ «ተሻግሬያለሁ» አለ።
አንዴ።

ይህን ሁሉ ለሙሄ አልነገርኩትም።
«አንድ ሰው ነበር» አልኩት፣ «ይመጣል።»

«ነበር» እና «ይመጣል» ባንድ ትንፋሽ ሲወጡ
ሙሄ ሰማ። ቀና ሳይል፣
«አብሽር» አለ፣ «ይምጣ፣ ኢንሻላህ።
ግን ሞላ ተስፋ አያውቅም፤ የሚያውቀው ኪሎ ነው፤
የሌለ ሰው ክብደት ቆሞ ሲጠብቅ ነው
ያለውን ሰውዬ ከገደል የሚጥለው።»

መንጠቆ ቁልፉን አስገብቶ ወደ ግራ ሳበ።
ቀጭ።
ቀጭ።
ቀጭ።
በሆዴ ቆጠርኩ።

«ፎርኬላውስ?» አልኩ። «ዘይቱ ጠቁሯል» አለ፣
«ግን ዛሬ አልነካውም።
ሁለት ነገር ባንዴ ከለወጥክ
የቱ እንዳዳነህ፣ የቱ እንደገደለህ አታውቅም።
ሂድበት፤ ከዚያ ንገረኝ።»

በማግስቱ ሐረጎ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር።
አንድ ሲኖ ትራክ እያቃሰተ ይወጣል፤ አለፍኩት።
አንደኛው እጥፋት። ሁለተኛው።
ሦስተኛው መጣ፣ ያው ጉድጓድ ያው ቦታው ላይ።
ጎማው ወረደበት፣ ወጣው፣
መንገዱን የሚያውቅ ሰው እግር ይመስል።
አጋደልኩ። አጋደለች።
ከኋላዬ ያጋደለ የለም።
መልካም ሆነላት፤
ይሄ ነው የከፋኝ።

ደሴ፣ እትዬ መህቡባ ሱቅ፣
ስልሳውን አንድ በአንድ እያነሳች ወደ ብርሃን ያዘች።
«ደህና ነው ሁሉም» አለችና ተገረመች፣
«መንገዱ ተሠራ እንዴ?»
«አልተሠራም።»

ሂሳቤን ተቀብዬ ወንበሩን ስከፍት
ሙሄ ሳያስፈቅደኝ ያሰረልኝን አየሁ፤
ያቺን መንጠቆ ቁልፍ፣ በካላማዳሪ ላስቲክ ጠፍሮ፣
እጀታዋ ላይ በዚያው እርሳስ ጽፎ፦
ወደ ቀኝ፣ ሦስት።