መልስ

እጄን አነሣሁኝ፣ በእምነቴ ማልሁኝ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ።
ልደታ ፍርድ ቤት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ወንበሩ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ሙሉ ሰማይ።

«ሱቅህ የት ነበረ?» አለኝ ዐቃቤ ሕግ።
ፒያሳ፣ አልኩት፣ ከአሮጌው ፎቅ ሥር፣ ከደረጃው ጥግ።
አሁን ሣር ተተክሏል፣ መብራት ቆሞበታል፤
እዚህ ጋ ነው ብዬ ጣቴ ምን ያሳያል?

ያን ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም
ውብእሸት ሲመጣ ዝናብ አልነበረም።
ጃኬቱን የቆለፈ፣ ጠጉሩን ያበጠረ፣
እንደ ማንም ደንበኛ ተራውን ያከበረ።

ከእኔ ተነሥቶ እስከ አራት ኪሎ፣
በሃያ ደቂቃ፣ በእግሩ፣ ሳይቸኩል፣
ሎተሪ አዟሪውን ደንበሩን፤
ልብስ ሰፊውን ሙስባህን፣ መርፌው አፉ ውስጥ እንዳለ፤
ከአዳር ሥራ የምትገባውን ነርስ ሰምሃልን፤
አንድም ሰው፣ ክሱ ላይ «ስሙ ለጊዜው ያልታወቀ» የተባለ።
ቢላው የሽንኩርት ነው። ከእናቱ ቤት።

ጠበቃው ተነሣ፤ ልጅ ነው፣ ክራቫቱ የተጣመመ፦
«ደንበኛዬ ሰባት ዓመት ሆኖታል አእምሮው ከታመመ።
በሰንሰለት ጠበል ከርሟል፤ አማኑኤልም ካርድ አለው።
የሠራውን አላወቀም፤ ሕግ ኃላፊ አይለው።»

ዐቃቤ ሕጉ ግን ወደ እኔ ዞረ፦
«በዋጋው ላይ ከአንተ ተከራክሮ ነበረ?»
አዎን። መቶ ሃምሳ ስለው፣ መቶ ሃያ አለ።
«ሁለት መቶ ሰጠህ። መልሱንስ?»
ተቀበለ።
«ቆጠረው?»
ቆጠረው። አንዷ ዐሥር ብር ቀዳዳ ነበረባት፤
«ይቺን ቀይርልኝ» አለኝ። ቀየርኳት።
«እንግዲህ፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለ መነጽሩን ወልውሎ፣
«ብሩን ቆጥሮ የወጣ ሰው ያብዳል ወይ እንዲህ ቶሎ?»

ግን አልጠየቀኝም ከሦስት ቀን በፊት ያለውን፣
ሰዓቱን ሲያመጣ ጎንበስ ብሎ የነገረኝን፦
«እጆቹ ይዙሩ፤ ድምፁን ብቻ አውጣልኝ፤
ሌሊት ሌሊት በስሜ እየጠራ አላስተኛ አለኝ።»
ሳቅሁ። ፒያሳ ተቀምጠን ስንቱን ሰምተናል?
እሺ፣ አወጣዋለሁ አልኩት። ድምፅ እንዴት ይወጣል?
ጥርሱን ጠረግሁ፣ አዲስ ባትሪ ከተትሁ፣
ሁለት ዓመት ይሄዳል ብዬ ሰጠሁ።
ጆሮው ላይ አስጠግቶ ቆየ፣
እንደ ሐኪም አዳምጦ ዓይን ዓይኔን አየ።
ምንም አላለኝም።
መልሱን ቆጠረ።

ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ዳኛዋ ቀና አሉ፦
«ምስክር፣ የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ።»
መለስሁ።

በእረፍት፣ ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ አግዳሚ ነው ያለው፤
ሁለቱ እናቶች እዚያው፣ ዳርና ዳር።
የሰምሃል እናት፦ «አላወቀም ካላችሁኝ፣ ልጄን ማን ነው የገደላት?
ማንን ይዤ፣ ማንን ከስሼ፣ ከማን ጋር ልሟገትላት?»
የእሱ እናት ነጠላዋን አፏ ላይ ጎትታ፦
«ቀበሌ ስዞር፣ ጣቢያ ስዞር፣ ማን ሰማኝ የኔን ስሞታ?
‹ሰው እስኪጎዳ ጠብቂ› አሉኝ።
ጠበቅሁ።»

ስንመለስ ሰዓቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤
በላስቲክ ታሽጓል፣ ኤግዚቢት ቁጥር አራት።
ይሄዳል። ቀጭ፣ ቀጭ።
ጸሐፊዋ አትሰማም፤ ፖሊሱ ያዛጋል።
ውብእሸት በካቴናው ውስጥ ጆሮውን አዘንብሏል፤
እኔና እሱ ብቻ።

«የምትጨምረው አለ?» አሉኝ ዳኛዋ፣ ለዘብ ብለው።
አፌ ደረቀ። ሁለቱ ነጠላዎች ከኋላዬ ናቸው።
ይህን ብል አንዷን፣ ያንን ብል አንዷን፣
ሁለቱንም ብል ራሴን።
የለኝም አልኩ።

ፍርዱ ለጥቅምት ሃያ ሁለት ተቀጠረ።
ታክሲ ያዝሁ። ሞልቷል፤ ጉልበቴ አገጬ ሥር።
አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር ጮኸች፦
«ወያላ! መልስ!»
ማንም ዘወር አላለም።
እኔ፣ «አቤት» አልኩ።