ቤቱ ለምን ባዶ እንደከረመ

ጋሽ ደርበው፣ ደህና ነኝ፤ የላኩት ድምፅ ደርሶኛል፤
‹ሦስት ወር ለምን ባዶ?› ያሉት ነገር ገብቶኛል።
ሻርጃ፣ ናህዳ ሰፈር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ፣
በሥዕል አይተው የገዙት፣ ከሥዕሉ የሚርቅ።

መጀመሪያ ማስታወቂያው። ‹የቅንጦት ኑሮ› ይላል፤
ቅንጦት ያለው ሰው፣ ጋሼ፣ እኛ ጋ ምን ይሠራል?
የሚመጣው ነርስ ነው፣ ገንዘብ ተቀባይ፣ ሹፌር፣
በድባይ መንገድ መጨናነቅ ማታ ማታ የሚማረር።
ይልቅ እንዲህ ይጻፉ፦ አውቶቡሱ በሦስት ደቂቃ፣
ከሥሩ በሌሊቱ አሥራ አንድ ዳቦ ጋጋሪው የሚነቃ።
እውነት ትንሽ ብትሆንም ደረጃ ታስወጣለች፤
ውሸት እስከ በር አምጥታ፣ በሩ ላይ ትከዳለች።

ፎቶውን ናዲም ደላላው ያነሳው ማታ ነው፣ በመብራት፤
ሳሎኑን እንደ ባቡር ስቦ፣ ግድግዳውን እንደ ሙዝ አጉብጦት።
እኔ ጠዋት በአንድ ሰዓት መጋረጃውን ገልጬ፣
ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ስትተኛ፣ አነሳሁት ተቀምጬ።
አምስት ፎቶ ይበቃል። መታጠቢያውን አይደብቁ፤
የተደበቀን ነገር ነው ሰዎች ቀድመው የሚጠይቁ።

ናጡሩን፣ ራፊቅን፣ አይናቁት፤ ቤት የሚያከራይ እሱ ነው፤
‹ባዶ አለ?› የሚል ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው።
በረመዳን ላክሁለት አንድ ካርቶን ማንጎ፤
ያደርስልኛል ተከራዩን የራሱ እንግዳ አድርጎ።

ነሐሴን ያውቁታል፣ ጋሼ? አያውቁትም፤ ይቅርታ፤
እዚህ በስምንት ሰዓት ይፋጃል የበር እጀታ።
ኤሲው ሲያጓራ የሰማ ሰው ወለሉን አያይም፤
‹እሺ፣ እደውላለሁ› ይላል፤ ሄዶ ግን አይደውልም።
ለመጠገኛው ሦስት መቶ ድርሃም ስጠይቅዎ ነፈጉኝ፤
የሦስት ወር ባዶ ቤት ስንት ነው? እርስዎ ይቁጠሩልኝ።

ስለ ቼኩም እናውራ። ‹ዓመቱን በአንድ ቼክ› አሉ፤
ይህን የሚችሉ ሰዎች ከባሕሩ ዳር ይገዛሉ።
በስድስት ይቀበሉ። ሲስተር ሼርሊ የምትባል ነርስ፣
ሰባተኛ ፎቅ ነበረች፣ አምስት ዓመት፣ ቼኳ ሳይመለስ።
ባለቤቱ በአንድ ጊዜ አራት ሺህ ቢጨምርባት፣
ዕቃዋን በሊፍት አወረደች፣ በዚያው ሳምንት።
ያ ቤት ዛሬም ቢከፍቱት የታፈነ አየር ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር።

ከማድቤቱ ጀርባ ያለችውን፣ መስኮት የሌላት ጠባቧን፣
ማስታወቂያው ‹ሦስተኛ መኝታ› ብሎ ጻፈልዎ ስሟን።
እኔ ለክቻታለሁ፤ በሜትር እንዳይመስልዎ፣
በቁመቴ ነው፣ ጋሼ፤ እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ።
እንዲህ ባለች ክፍል ነበርኩ፣ ማዳም ቤት፣ አራት ዓመት፤
እግሬን ስዘረጋ የሚነካኝ የልብስ ማጠቢያው ብረት።
እሱ ሲያጥብ አብሬው እንቀጠቀጣለሁ፤ ሲያበቃ እተኛለሁ፤
ዛሬም ማጠቢያ ሲቆም፣ የትም ብሆን፣ ዓይኔን እከድናለሁ።

‹መጋዘን› ብለው ይጻፏት፤ የሻንጣ፣ የመጥረጊያ፤
ኪራዩ ቢቀንስ ይቀንስ፤ ሰው ግን አይደር እዚያ።
ይኼኛው ምክር፣ ጋሼ፣ ትርፍ አያመጣም፤ አልዋሽም።
ሌሎቹን ከሰሙኝ ግን፣ በዚህ ብቻ አይጎዱም።

ትናንት ባልና ሚስት መጡ፣ ሱዳኖች፣ ከነልጃቸው፤
ኤሲውን በራሴ ገንዘብ አሠርቼ ጠበቅኋቸው።
ልጁ ቀዝቃዛው ወለል ላይ በሆዱ ተኛ፣ አልነሳም አለ።
እናቱ ያችን በር ከፍታ፣ ‹ይህስ ምንድን ነው?› አለችኝ፤
‹መጋዘን› አልኳት። አይታ ዘጋችው። ከዚያ ፈገግ አለችልኝ።

ስድስት ቼክ ነው፣ ከመስከረም ጀምሮ። ፊርማዎን ይላኩ።
ሦስት መቶውንም።
ደረሰኙ እጄ ላይ ነው።

ሉባባ፣ ቁልፍ ያዥ