ቆርቆሮ ነበር መሰለኝ

ቆርቆሮ ነበር መሰለኝ፤
እንጨት ነው ቢሉኝም አልሟገት፣
አረንጓዴነቱን ግን ለማንም አልለቅም፣
ቢጎትቱኝም ፍርድ ቤት።
ጎኑ ላይ የሚዞር ነገር አለ፣ እንደ በርሜል ቧንቧ ጆሮ፣
ሲያዞሩት ቅር-ቅር-ቅር የሚል፣ አክታ እንደያዘው ጉሮሮ፤
ሲለቁት ደግሞ ይዘላል።
ወይስ ይንከባለላል?
እዚህ ጋ ሁልጊዜ መብራት ይጠፋል።

ቡሬ ነው ቦታው። ወሩ በርበሬ የሚሰጣበት፣
ከተማው ሙሉ በማስነጠስ የሚጠራራበት።
አባቴ ሚዛን ላይ ቆሞ የብረት ድንጋይ ይቀያይራል፣
ጆንያ ከትከሻ ትከሻ እየዞረ መኪናው ሆድ ይገባል፤
ከአስመራ የመጣው ሹፌር፣ ዘርኣይ፣ ከጋቢናው ጎንበስ ብሎ
«እንካ» ይለኛል፣ ክንዱን ወደ ታች አንጠልጥሎ።
«እንካ» ያለውን እሰማለሁ፣
የክንዱን ፀጉር እቆጥራለሁ፤
መዳፉ ጋ ስደርስ ግን የሰዓቱ መስታወት ፀሐይ ይይዝና
ዓይኔን ይመልሰዋል፣ እንደ በር ጠባቂ፣ እንደገና።

ለባንቺአምላክ ደወልኩላት፤ እህቴ ናት፣ ሞጣ የተዳረች፤
ሳቋ ቀደማት። «እንቁራሪት ናት'ኮ!» አለች፣
«አልጋ ሥር ዘላ ገብታ እማዬን ያስጮኸች!»
እንየው ደግሞ «የምን እንቁራሪት? ባቡር ነው» አለ፣
ባቡር በዓይኑ ሳያይ፣ በአባታችን አጥንት ማለ።
ወይዘሮ ውዴ፣ ጎረቤታችን፣ ዘጠናን የተሻገሩት፣
ዓይናቸውን ከድነው ብዙ ቆዩ፤
አሰቡ ስል፣ ተኙ ስል ጠበቅኋቸው፣ ምን ሊሉ እንደሆን እያልኩት።
«አንተማ» አሉኝ፣ «መች መጫወቻ ኖሮህ ያውቃል?
የባለ ወፍጮው ልጅ ሲያዞረው
አንተ አጥሩ ሽንቁር ላይ ተለጥፈህ ማየት ነበር ሥራህ።»

ይኸው! መልኩን ስፈልግ ባለቤቱም ጠፋ።
አፌ ግን ያውቀዋል፣ ነክሼዋለሁ፤
ሳንቲም ሳንቲም ነበር የሚለው።
በአጥር ሽንቁር ዓይን ያልፋል እንጂ
ጣዕም እንዴት ሊያልፍ ይችላል፣ ወይዘሮ ውዴ?

ሳይቸግረኝ፣ በገበያ ቀን፣ ይበልጣል ዘንድ ወረድኩ፣
ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ከሚቀጠቅጥበት፤
በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ሣልኩለት።
«ዓይን አለው?»
«እንጃ።»
«ጭራስ?»
«እንጃ።»
«ታዲያ ምኑን ልሥራልህ፣ ጋሼ?»
«ድምፁን» አልኩት።

ትንሽ አየኝ። መቀሱን አነሳ፣ የዘይት ጣሳ ቀደደ፣
የጃንጥላ ሽቦ ጠመዘዘ፣ ከሞተ ሰዓት ጥርስ ወሰደ፤
ሲመሽ በጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝ።
አዞርኩት። ቅር-ቅር-ቅር።
አራት እግር፣ አጭር አንገት፣
ሆዱ ላይ «የምግብ ዘ» የሚል የተቆረጠ ጽሕፈት።
ዘለለ።

እሱ አልነበረም።
ግን ከዚያች ማታ ወዲህ
የድሮውን ልጠራ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር
ይኼኛው ነው አቤት የሚለው፣
አራት እግሩን ይዞ እየሮጠ፣ ያንን ከበር እየመለሰው።
ሃምሳ ዓመት በጉም ጠቅልዬ ያኖርኩትን
በአንድ ከሰዓት፣ በገዛ ገንዘቤ፣ በጣሳ ለወጥኩት።

ትናንት የእንየው የልጅ ልጅ ይዞት ወጣ፤
ብፈልገው ጓሮ ነው፣ ስጡ መሃል፣
በበርበሬው ላይ ይነዳዋል፣
ቀይ አቧራ ከኋላው እያስነሣ።
«አምጣ!» ብዬ ጎንበስ ስል
አስነጠሰኝ።
አንዴ።
ሁለቴ።
በሦስተኛው፣ ዓይኔ ወዶ ሳይሆን ተገዶ ሲጨፈን፣
ክንዱ መጣ፣ ፀጉሩ፣ ሰዓቱ፣
መስታወቱም ለአንድ አፍታ ፀሐዩን ረሳው፤
መዳፉ ላይ ያለውን
አየሁት።

ስገልጥ ጠፋ።
አረንጓዴ ነበር፤ ብያለሁ።
«ይማርህ» አለኝ ሕፃኑ፣
ጣሳውን ከጀርባው ደብቆ።